የስኳር በሽታና ቅድመ ስኳር በጋምቤላ

የስኳር በሽታ ቆሽት በቂ ኢንሱሊን ማመንጨት ሲሳነው ወይም ሰውነት ኢንሱሊኑን በአግባቡ መጠቀም ሲያቅተው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ የሚያልፍበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ምግብ ሳይቀመስ በሚደረግ ምርመራ ውጤቱ በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ከጸና በሽታው አለ ይባላል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ነው (የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን 110 ያደርገዋል)። ቅድመ ስኳር ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ በእንቅስቃሴና በአመጋገብ ግን ሊቀለበስ ይችላል።

በባሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው ጋምቤላ ሕክምናውን ክፉኛ የሚፈትነው ሙቀቱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት መድኃኒቱ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። በውኃ የራሰ የሸክላ ዕቃ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሲቀመጥ ሙቀቱን ያረግባል፤ ጠርሙሱ ግን ውኃ ሊነካው አይገባም።

ወባም ነገሩን ያወሳስባል። የሚያስከትለው የደም ማነስ የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚለካውን ምርመራ ውጤት አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በእሱ ብቻ ተማምኖ ታማሚን ነፃ ነህ ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው። ከባድ ወባ ራሱ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ኢንሱሊን በሚወስድ ሰው ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲታዩ ከወባው ምርመራ ጋር ስኳሩም ወዲያው መለካት አለበት።