የንግድ እንግሊዝኛ በጉዳይ ሲማሩት

ቋንቋ የሚማሩት ሊሠሩበት ነው። የቆቦና የራያ ቆላ ገበሬ ማሽላውንና ሽንኩርቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋ የሚነጋገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ ያው ምርት ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ቢባል ግን ደብዳቤውና ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ የንግድ እንግሊዝኛ በምን ዘዴ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የገበሬውንም ጎተራ የሚነካ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመርምር፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ቢያስተምርም፥ እስከ ጠላት ወረራ ድረስ ከፍ ያለውን ሥፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1941 ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ዋና የትምህርት መስጫ ሆነ፤ በ1943 የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፥ በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈቱ። ዘመኑ እንዲህ ቢረዝምም፥ ሰዋስዉን በቃሉ ይዞ አንዲት የንግድ ደብዳቤ መጻፍ የሚቸግረው ተማሪ ዛሬም ጥቂት አይደለም።

ለዚህ መድኃኒት ከሚባሉት አንዱ በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት ነው። ዘዴው በስሙ የታወቀው በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1969 ከሠራበት ወዲህ ነው። መንፈሱ ግን ለእኛ ባዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ አይመረቅም፤ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፥ ይታረማልም። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅም ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ የሕዝቡን ችግር በቦታው እንዲያጠኑ ያደርግ ነበር።

በ2011 የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከቆቦ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ መምህሩ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይስጥ እንበል፦ አንድ የቆቦ የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር የውጭ አገር ገዥ አገኘ፤ ገዥው ስለ ጥራቱ፥ ስለ ማሸጊያውና ስለ ማስረከቢያው ቀን ይጠይቃል፤ ሽንኩርቱ ሳይበላሽ መልስ መድረስ አለበት። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው የሚያውቁትን ከማያውቁት ይለያሉ፤ ገበሬውንና ነጋዴውን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ይጽፋሉ፤ መምህሩም ያርማል። ሰዋስው በዚህ አይጣልም፤ የሚፈለግበት ቦታ ይገኝለታል እንጂ።

የሆነ ሆኖ ዘዴው ትዕግሥተኛ መምህርና ቁጥሩ የተመጠነ ክፍል ይሻል፤ ክፍሉ ከተጨናነቀ ዝምተኛው ከተናጋሪው ጀርባ ይደበቃል። ይህ ከተሟላ ግን ድካሙ ከንቱ አይሆንም፤ ለፈተና በቃል የተያዘ ከፈተናው ጋር ያልፋልና፥ በሥራ የተገኘ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል።