አክተሩ ከአውሮፕላን እንዴት ወረደ?

ጫግኒ ላይ በልጅነቱ «ኮማንዶ» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ሁለት ጊዜ ነው ያየው፤ አንዴ በዓይኑ፣ አንዴ በጆሮው። የጆሮው ይበልጥ ነበር።

ይህ ትዝ ያለኝ ባለፈው ክረምት ነው። የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ እስኪ ይህን ይስሙት» አለኝ። ሦስት ወጣቶች ማይክ ፊት ተቀምጠው በፖድካስት ስለ ድሮ ፊልሞች ያወራሉ። አንዱ የህንዱን ጀግና ልቅሶ ያስመስላል፣ ሌላው የብሩስ ሊን ጩኸት ያሰማል፣ ሦስተኛው በሳቅ ፍርፍር ይላል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ግን ዝም አልኩ፤ ጨዋታውን አውቀዋለሁና። ማይክ ሳይኖረው፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት የጭቃ ግድግዳ ሥር ያደግሁበት ጨዋታ ነው።

ፊልም ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የመጀመሪያ ፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ሌላ ምን ይባላል? በ1957 «ሂሩት አባቷ ማን ነው»፣ በ1966 ደግሞ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተሠሩ። ለእኛ ለጫግኒ ልጆች ግን ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ነበር። ከተማችን በጎጃም ክፍለ ሀገር ዘመን የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ1983 ወዲህ መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲሄድ እርሷ ለአዊ ዞን ቀረች። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህን ርቀት ያሳጠረልን ጃፓኖች በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጡት የቪኤችኤስ ካሴት ነው። አዳራሽ አይጠይቅም፣ ትልቅ ማሽን አይጠይቅም፤ ቴሌቪዥን፣ ዴክ፣ አንድ ክፍልና አግዳሚ ይበቃዋል። ከ1983 በኋላ የግል ንግድ ሲፈታ ቪዲዮ ቤት በየወረዳው ከተማ ፈላ።

የእኛው ቪዲዮ ቤት መስኮቱ በጥቁር ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ክፍል ነበር። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፦ «ዛሬ ኮማንዶ»። መግቢያው ስሙኒ ነው፣ አዲስ ካሴት ከሆነ ሃምሳ ሳንቲም። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ላብና የተላጠ ሸንኮራ እየሸተተን እናያለን። የህንድ ፊልም ቀን ደግሞ እናቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡ ነበር። «ሾሌ» ከ3 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ በሁለት ካሴት ነበር የመጣው፤ ካሴቱ እስኪቀየር እናቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ።

የካሴቱን ነገር ትንሽ ላስረዳ። ፊልም በሲኒማ በሰከንድ 24 ስዕል ነው የሚሄደው። በአገራችን ያለው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል የሚባለው፣ 25 ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ፓል ካሴት ሲገለበጥ ሁሉም ነገር በትንሹ ይፈጥናል፤ የ90 ደቂቃው ኮማንዶ በ86 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። እኛ ያየነው አክተር አሜሪካኖቹ ሲኒማ ቤት ካዩት አክተር ይፈጥን ነበር ማለት ነው። ካሴቱ ሲበዛበት ደግሞ ዴኩ ይበላዋል። ባለቤቱ የተጨማደደውን ቦታ በምላጭ ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፍ በስኮች ያያይዘዋል። እንዲህ ሲሆን ስፌቱ ላይ ስዕሉ ይርገበገብና ታሪኩ ይዘላል።

የእኛ ኮማንዶ የተቆረጠው ክፉ ቦታ ላይ ነበር። አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ልጁ ታግታበት በግድ አውሮፕላን ላይ ተጭኗል። አጠገቡ ጠባቂ አለ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ያኮበኩባል። ከዚያ ስዕሉ ይርገበገባል። ስዕሉ ሲመለስ አክተሩ መሬት ላይ ነው፤ ቄጠማ መሃል ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እንዴት ወረደ? ክፍሉ ሙሉ «ኧረ!» ይላል። መልሱ ካሴቱ ውስጥ የለም።

መልሱ ግድግዳው ሥር ነበር። ከመካከላችን አንድ ሸንኮራ ሻጭ ልጅ ነበር፤ ስሙኒ ላጡት ልጆች በማግስቱ ፊልሙን የሚተርከው እርሱ ነው። ክፍያው ማንጎ ነው፤ ጫግኒ ማንጎ አያጣም። እንግሊዝኛ አንድም ቃል ባያውቅም የሁሉንም ሰው ንግግር ያውቃል። ጀግናው «አክተሩ» ነው፣ የክፉዎቹ አለቃ «ቦሱ»። ጥይቱን በአፉ፣ ቦክሱን ጭኑን በመምታት ያሰማል። አክተሩን «ልጄን ካልመለሳችሁ እናታችሁ ታልቅስላችሁ!» ያሰኘዋል። ከገጠር ለገበያ የመጡ ልጆች ካሉ መሃል ላይ ወደ አገውኛ ይሻገራል፤ ቦሱ በአማርኛ ሲዝት አክተሩ በአገውኛ ይመልሳል።

የጎደለችውንም ትዕይንት ሞላት። «አክተሩ አውሮፕላኑን እንደ ፈረስ ነው የወረደው» አለ። «የአገው ፈረሰኛ በሩጫ ላይ እንዴት ይወርዳል? እንደዚያ! ጋማውን በግራ ያዘ፣ አንድ እግሩን አሻገረ፣ ከጎን ተንጠለጠለ፣ መሬት ስትቀርብ ለቀቃት።» ማንም አልተጠራጠረም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ጥር 23፣ በማኅበሩ በዓል ቀን፣ በዞናችን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛ ሲጋልብ ያላየ ልጅ ከመካከላችን አልነበረም። የሆሊውድ ጀግና ያን ዕለት የአዊ ልጅ ሆነ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ላይ ያልተቆረጠውን ፊልም አየሁ። አክተሩ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይገባል፣ በጎማው ማቀፊያ ብረት ይንጠለጠላል፣ ወደ ረግረጉ ይወድቃል። በቃ። ደነገጥኩ ከማለት ሳሳብኝ ብል ይሻላል። ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩት ፊልም የተሠራው ካሊፎርኒያ ሳይሆን ግድግዳ ሥር ኖሯል።

ይህ የእኛ ብቻ ወግ አይደለም። በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ጃፓን ውስጥ ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከመጋረጃው ጎን ቆመው ፊልሙን ይናገሩ ነበር፤ ሕዝቡ ከአክተሩ ይልቅ ለቤንሺው ብሎ ይገባ ነበር። ካምፓላ ውስጥ ደግሞ ቪጄ የሚባሉት ማይክ ይዘው የውጭውን ፊልም በሉጋንዳ ያስኬዱታል። በእኛም አገር አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን አድገናል። ሸንኮራ ሻጩ ልጅ ያደረገው ያንኑ ነው፤ ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ነገር ምድጃችን ዳር አስቀመጠው። ፊልም ሰው ልብ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት የሚኖረው በስዕሉ ብቻ አይመስለኝም። አብሮ አፉን ከፍቶ ያየ፣ በማግስቱ አብሮ የተከራከረ ሰው ሲኖር ነው።

ቪዲዮ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። መጀመሪያ ቪሲዲና ዲቪዲ መጡ፣ ከዚያ ዲሽ። አግዳሚዎቹ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች መቀመጫ ሆኑ። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሳሎን ገባ፤ ፊልም በስልክ ሚሞሪ ላይ የሚጫን ሆነ። ይህ ሲሆን አልቅሼ አላውቅም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ የፊልሞቹ ቅጂ በየቦታው ሲገኝ፣ የትረካዎቹ ቅጂ የትም የለም። ለዚህ ነው እነዚያን ሦስት ወጣቶች የምወዳቸው። እነርሱ ቢያንስ ጨዋታቸውን እየቀዱ ነው።

ስለዚህ እኔም ስልኬን ይዤ ጫግኒ ሄድኩ። ሸንኮራ ሻጩ ልጅ ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በጫግኒ በኩል ወደ ህዳሴው ግድብ ሲሚንቶ ሲያመላልስ ኖሯል። ከሌሎች ሁለት ጓደኞቻችን ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስልኩን ብርጭቆዎቹ መሃል አስቀመጥኩና «አክተሩ እንዴት ወረደ?» አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወንበሩን ገፋ አደረገ፣ ጀመረ። የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ ልጅ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጋማውን በግራ ያዘ፣ ቀኝ እግሩን አሻገረ፣ ከጎን ተንጠለጠለ...

«ቆይ ቆይ!» አለ አንዱ ጓደኛችን። «ያኔ ያሻገረው ግራ እግሩን ነበር!»

«ማ? ቀኙን ነው!»

«አጠገብህ አልነበርኩም እንዴ? ግራውን ነው!»

ማናችንም በዓይናችን ባላየናት ትዕይንት፣ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተሟገትን። ተቀድቷል።