የሞቶክሮስ አልባሳት

የሞቶክሮስ አልባሳት አስፋልት በሌለው፣ ጭቃና ጉብታ በበዛበት ሜዳ ላይ በሚካሄደው የሞተር ሳይክል ውድድር ተወዳዳሪዎች የሚለብሷቸው መከላከያ ልብሶችና መሣሪያዎች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ሄልሜት፣ መነጽር፣ የደረትና የጀርባ መከላከያ፣ ማልያና ሱሪ፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ እና ረጅም ቡት ጫማ ናቸው።

ታሪክ

ሞቶክሮስ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በካምበርሊ አካባቢ የተካሄደው ውድድር የስፖርቱ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ቲ. ኢ. ሎውረንስ በሞተር ሳይክል አደጋ ሲሞት ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ በ1941 ባሳተመው ጥናት ሄልሜት የራስ ጉዳትን እንደሚቀንስ አሳየ።

አመራረጥ

ሄልሜት፦ ከጠንካራው ቅርፊት ሥር ያለው ፎም በግጭት ጊዜ እየተጨፈለቀ ጭንቅላት የሚቆምበትን ጊዜ ያራዝማል፤ በዚህም ወደ አንጎል የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል። ይህን ሥራ በአግባቡ የሚሠራው ልክ ሲሆን ብቻ ነው። ሄልሜቱ ሲወዘወዝ የጉንጭ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት፤ ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ መውለቅ የለበትም። የአውሮፓ ደረጃ ኢ.ሲ.ኢ 22.06፣ የአሜሪካ ደግሞ ዶት በመባል ይታወቃል።

የደረትና የጀርባ መከላከያ፦ ሁለት ዓይነት የደረት መከላከያ ስላለ ገዢው መለያውን ማንበብ ይኖርበታል። ኢ.ኤን 14021 የሚል ጽሑፍ ያለበት ከፊት ካለው ሞተር ጎማ የሚፈናጠር ድንጋይን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ ከመውደቅ ለሚመጣ ምት የሚሠራው ኢ.ኤን 1621-3 ነው። ለጀርባ መከላከያ በወጣው ኢ.ኤን 1621-2 ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 18 ኪሎ ኒውተን፣ ደረጃ 2 ደግሞ እስከ 9 ኪሎ ኒውተን ብቻ ኃይል ያሳልፋል።

ሱሪና ቡት፦ ሱሪው የጉልበት መከላከያውን ከሥሩ የሚይዝ ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ መከላከያው ተደርጎ ይለካል። ቡቱ ቁርጭምጭሚትን ከመጠምዘዝ፣ የቅልጥም አጥንትን ከምት ይጠብቃል።

እንክብካቤ

ልብሶቹ ከመታጠባቸው በፊት መከላከያዎቹ ከውስጣቸው ይወጣሉ፤ ጭቃው በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀቃል። በረኪና ጨርቁንና ስፌቱን ስለሚጎዳ አይመከርም። ታጥበው በጥላ ሥር ይሰጣሉ። ቡት እሳት አጠገብ ሲደርቅ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲኩም ይጣመማል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቆ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። የመነጽር መስታወት አሸዋው በውኃ ሳይወርድ ከተወለወለ ይጫጫራል።

የሄልሜት ውስጥ ጨርቅ የሚወልቅ ከሆነ በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠባል። ቤንዚንና ቲነር ቅርፊቱንና ፎሙን ስለሚያበላሹ ለማጽጃነት አይውሉም።

መቼ ይለወጣል?

የሄልሜት ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ምት የደረሰበት ሄልሜት ቀለሙ ሳይነካ ቢገኝም ይለወጣል። ታሪኩ ያልታወቀ ያገለገለ ሄልሜት መግዛትም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው። አደጋ ባይደርስበትም ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት ገደማ አገልግሎት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ።