የእረኛ ውሻ ቡችላ ለምን ዶሮ ላይ ያደባል?

የቦርደር ኮሊ ቡችላ በግ አይቶ ሳያውቅ ዶሮ ላይ ያደባል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያፈጣል። ዶሮ ካጣ የሚሮጡ ልጆችን ወይም የሚያልፍ ብስክሌትን ዞሮ ሊመልስ ይሞክራል። ባለቤቱ «ይሄ ውሻ ጤና የለውም» ይላል። ውሻው ግን ጤነኛ ነው። ይህ ጠባዩ የረጅም ዘመን ታሪክ አለው።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» ለደመነፍስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። ፖይንተር የተባለው የአደን ውሻ ገና ቡችላ ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ በወጣበት ቀን፣ አንዳንዴ ማንም ሳያስተምረው ታዳኙ ወዳለበት አቅጣጫ አፍንጫውን ቀስሮ ቀጥ ይላል። የእረኛ ውሻም መንጋው መሃል ዘሎ ከመግባት ይልቅ ዙሪያውን መሮጥ ይቀናዋል። ዳርዊን እንዳለው ቡችላው ጌታውን እየረዳ መሆኑን አያውቅም። የሚያደርገው ደስ ስለሚለው ነው።

መነሻው ተኩላ ነው። ተኩላ ሲያድን መጀመሪያ ያያል፤ ያደባል፤ ያሳድዳል፤ ከዚያ ነክሶ ይገድላል። እረኞች ከዚህ ውስጥ የፈለጉት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። አድብቶ መንጋ የሚሰበስበውን ውሻ አራቡ፤ በግ የሚቦጭቀውን አስወገዱ። ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ንክሻው የተቀነሰለት አዳኝ ተገኘ። የእረኛ ውሻ ሥራ መነሻው ይኸው ነው።

«ቦርደር» ማለት ድንበር ነው፤ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር። በዚያው አካባቢ፣ በኖርዘምበርላንድ፣ አዳም ቴልፈር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1893 ሄምፕ የሚባል ውሻ ተወለደለት። አባቱ ሮይ ለሰው ቅርብ ነበር፤ እናቱ ሜግ ግን ዓይን አፋር ብትሆንም በግ ላይ ስታፈጥ ኃይለኛ ነበረች። ሄምፕ ሳይጮህና ሳይነክስ፣ በዓይኑ ብቻ በጎችን ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 እስኪሞት ድረስ ከ200 በላይ ቡችሎች አፍርቷል። የዛሬዎቹ ቦርደር ኮሊዎች የዘር ሐረግ ወደ እሱ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1906 ዓለም አቀፉ የእረኛ ውሾች ማኅበር ተመሠረተ። ለማኅበሩ ሰዎች የውሻ መመዘኛው ሥራው እንጂ መልኩ አልነበረም። የአሜሪካው የውሾች ክለብ እ.ኤ.አ. በ1995 ዝርያውን ለቁንጅና ውድድር ሲቀበል፣ ብዙ የሥራ ውሻ አርቢዎች አጥብቀው ተቃውመዋል። ውሻ በጸጉሩና በጆሮው አቋቋም ከተመረጠ፣ እረኞች ያከማቹት ችሎታ በጥቂት ትውልድ ይበተናል ብለው ፈርተው ነበር።

ሌላው ችግር የተገላቢጦሹ ነው፤ ደመነፍሱ ሳይጠፋ ሥራው ጠፋ። መንጋ እንዲነዳ የተራባ ቡችላ ዛሬ አፓርታማ ውስጥ ይዋላል። የሚነዳው ሲያጣ ጥላ ያሳድዳል፣ የልጆች ተረከዝ ይነክሳል፣ ከዚያ «አስቸጋሪ» ተብሎ ይጣላል። ቡችላውን የሚገዛ ሰው ከመልኩ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ በየቀኑ ምን ሥራ እሰጠዋለሁ ብሎ ነው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። በዚህ ውሻ ግን ዘሩንም ልጓሙንም የሠራው ሰው ነው።