ሐይቅ (ከተማ)

ሐይቅ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ወሎ ዞን፣ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደሴን ከወልድያ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። ስሟን ያገኘችው በስተምሥራቋ ከተኛው ሐይቅ ሲሆን፣ ሐይቁን የአካባቢው ሰው ሎጎ ሐይቅ ይለዋል። «ሐይቅ» የሚለው ቃል በግዕዝ የውሃ ዳርቻንም ያመለክታል፤ ለከተማዋ ከሐይቁ ይልቅ ይህኛው ፍቺ የሚስማማ ይመስላል።

ሐይቁ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እስከ 88 ሜትር ይወርዳል። ከአርዲቦ ሐይቅ ከሚመጣው ወንዝና ከዙሪያው ኮረብቶች ውሃ ይቀበላል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ጎርፍ ያመጣው አፈርም ሆነ ሌላ ነገር እዚያው ይቀራል።

አፈ ታሪክ

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚነገረው ታሪክ በአንዲት ልዕልት ስለተበደለች ነፍሰ ጡር ሴት ነው። እግዚአብሔር በግፉ ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመበት ደሴት ሆነ ይባላል። ነገር ግን ዛሬ ደሴቱ ደሴት አይደለም፤ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል፣ ወደ ገዳሙም በእግር ይገባል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሲያየው ግን ገና በውሃ የተከበበ ነበር።

ገዳሙና የዘመን ለውጥ

ትውፊት የቤተ ክርስቲያኑን መመሥረት እስከ ንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ወደ ኋላ ይወስደዋል። በሰነድ ይበልጥ የሚታወቀው ታሪክ የሚጀምረው ግን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። ኢየሱስ ሞዓ በላስታ አቅራቢያ በዳህና ተወለደ፤ በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጥቶ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖትና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ይገኙበታል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም የ«መጽሐፈ ምሥጢር» ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚሁ ገዳም ተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ መሠረቱ ላስታ የነበረውን የዛጔ ሥርወ መንግሥት ገልብጦ ነገሠ። የሐይቅ ትውፊት እንደሚለው ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በገዳሙ ተምሯል፤ ኢየሱስ ሞዓም ስለደገፈው የገዳሙ አለቃ «ዓቃቤ ሰዓት» የሚለውን ማዕረግ አገኘ። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ ይህንኑ ሚና ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። የኢየሱስ ሞዓ ገድል እሱ ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተጻፈ በመሆኑ፣ ሁለቱን ትውፊቶች የሁለት ታላላቅ ገዳማት የክብር ፉክክር ነጸብራቅ አድርጎ ማንበብ ይሻላል። የዓቃቤ ሰዓቱ ሥልጣን ግን በነገሥታቱ ዜና መዋዕል የተመሰከረ ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የሐይቁ ዓቃቤ ሰዓት ዐምኃ ኢየሱስ ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር።

ከዚያ ዘመን የተረፈው ትልቁ ምስክር በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ነው። ዘመናቸው በውል ከታወቁት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መካከል ከጥንታውያኑ የሚቆጠር ሲሆን፣ የአባቱ የራሱ ሥዕልና በገዳሙ የነበሩ መጻሕፍት ዝርዝርም ይገኝበታል። በ20ኛው መቶ ዘመን በማይክሮፊልም ስለተቀዳ ተመራማሪዎች በሩቅ ሆነው ሊያነቡት ችለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በደሴቱ ላይ ብዙ መነኮሳት፣ የሎሚና የብርቱካን ዛፎች እንደነበሩ፣ ወደ ገዳሙም ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይገባ እንደነበር ጽፏል። በሐይቁ ስላለው «ጉማሬ» ስለሚባል ትልቅ አውሬም ይናገራል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1531፣ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ደረሰ። ዐረብ ፋቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል የገዳሙን ሀብት አስረከቡ። ከዚህ በኋላ ዓቃቤ ሰዓቱ የቀድሞ ሥልጣኑን አላገኘም።

ሕዝቡና ኑሮው

የተሁለደሬ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በከተማዋ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ይኖራል። ጉርብትናው ሁልጊዜ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ካካሄዱት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ብዙዎች ተቃወሙ፣ ብዙዎች ተሰደዱ።

የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚያያይዘው ዋናው ተቋም ቅሬ ነው። በሌላ አካባቢ እድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ይህን ስም ይዟል። ሰው ሲሞት መቃብር መቆፈር፣ ድንኳን መትከል፣ ለቀስተኛ ማስተናገድ የቅሬው ግዴታ ነው፤ ሟቹ መስጊድም ሄደ ቤተ ክርስቲያን ጎረቤቱ ከቀብሩ አይቀርም። በሠርግ ጊዜ ደግሞ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል። ዓሣ ስለማይታረድ ከዚህ ጣጣ ውጭ ነው፤ በጾም መበላቱ ግን በክርስቲያኑ ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም።

በሐይቁ ዛሬ በብዛት የሚጠመደው ቆሮሶ ጥንት እዚያ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል፤ አሳ ጥብስም የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ለውጡ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ቀድሞ እጅግ ጥርት ያለ የነበረው ውሃ እየደፈረሰና እየለመለመ የመጣበትን አንዱን ምክንያት ተመራማሪዎች ከዚሁ ዓሣ መግባት ጋር ያያይዙታል፦ ቆሮሶው አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት ሲያሳንስ አልጌው በዛ። ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈርና ከእርሻው የሚወርደው ማዳበሪያ ሲጨመርበት፣ መውጫ ለሌለው ውሃ ጫናው ይከብዳል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴ ሲገፋ ሐይቅም በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ነበር፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ጋር በዚያው ዓመት ወደ መንግሥት ቁጥጥር ተመልሳለች።