በሰንሰለት ወሎ የገቡት መነኩሴ

በኮን ሽማግሌዎች ዘንድ የአፄ ቴዎድሮስ መንገድ ተወርቶ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1867 ትልቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ገደል እየተፈነቀለ መንገድ የተጠረገው በእኛው በዋድላ ደጋ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያብሰለስለኝ ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ንጉሡ ወሎ ሲዘምቱ፣ ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት የተጎተቱት አንድ ዓይና ሽማግሌ ጉዳይ ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። በ1791 ጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም መነኮሱ። የጥንቱ የምንኩስና ሥርዓት ለምን ላላ? ይህን ጥያቄ ይዘው ከገዳም ገዳም መጽሐፍ ሲያገላብጡ ኖሩ፤ ጎንደርም ደረሱ። መልሱን ሳያገኙ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠጋ።

እኔ የቅኔ ቤት ልጅ ነኝ። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የምትጠራ የቅኔ አገር ናት፤ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ ውሻ በዱላ እየመከትን ለምነን ነው የተማርነው። ትዕግሥት ምን እንደሆነ የነገረን የለም። ለየኔታ ውኃ እየቀዳን፣ ያሰማነው ቅኔ «ተበላሸ፣ ድገመው» እየተባለብን ገባን። ስለዚህ የእኚህ መነኩሴ ነገር አይገርመኝም፤ የተማሪ ጠባይ ነው።

በ1841 የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ እስክንድርያ የላኳቸውን መልእክተኞች ይመራ የነበረው ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ፣ የእኛዎቹ «አቡነ ያዕቆብ» የሚሉት ነው። አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ፤ ሮምን አዩ። ያ ሰው እንደ አገሬው መነኩሴ ይለብሳል፣ የአገሬውን ጾም ይጾማል፣ አማርኛ ተምሯል። ከክርክር ይልቅ አኗኗሩ ሳይረታቸው አልቀረም። ያም ሆኖ አልቸኮሉም፤ ካቶሊክ የሆኑት በ1844 ነው፣ ቅስና የተቀበሉት ደግሞ በ1851፣ ስልሳ ሊሞላቸው ሲል። በመካከሉ ተማሪ እያስተማሩ፣ ለአቡነ ያዕቆብ የአማርኛውን ትምህርተ ክርስቶስ እያገዙ ቆዩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በውሳኔያቸው አልስማማም። ነገር ግን ጸጋ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ምግባር ደግሞ ያንን ስጦታ በየዕለቱ መኖር ነው የሚለውን ትምህርታቸውን ለመረዳት ካቶሊክ መሆን አያሻም።

በ1854 በካቶሊክነታቸው ምክንያት ጎንደር ላይ ታሰሩ። በማግሥቱ ዓመት አፄ ቴዎድሮስ ችሎት አቁመው ሞት ፈረዱባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ለምኖ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በቀጭኔ ጭራ ተገረፉ። አለመሞታቸውን ያዩ ወታደሮች «ቅዱስ ጊዮርጊስ» አሏቸው። ንጉሡ መቅደላን ሊይዙ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በ1855 ክረምት፣ በዘመቻው መንገድ ላይ በሰንሰለት እንደታሰሩ አረፉ።

በ1926 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ከብፁዓን ሰማዕታት ቆጠሯቸው። እኔ ብጠየቅ ከሞታቸው የእስሩን ወራት አስቀድማለሁ። ለሰማዕትነት አንድ ቀን ይበቃል፤ እሳቸው ግን እግራቸው ታስሮ፣ በዝናብና በጭቃ፣ የደረሳቸውን ጥቂት ምግብ በየዕለቱ ለሌሎች እስረኞች ያካፍሉ ነበር።