ባለ ሁለት ዓይኑ ፈርዖን

በቀየትና በመንዝ ደጋ፣ ሌሊቱ በሚወርጭበትና ሰው ሁሉ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናውን ተከናንቦ በሚያመሽበት አገር፣ ሕፃን ልጅ ታሪክን በሥዕል መመልከት የጀመረው ቴሌቪዥን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቤተሰብ ሁሉ ተብሎ የሚሠራውን የአኒሜሽን ፊልም ብርታቱንና ድካሙን ልንመዝን ስንነሣ፣ ሚዛኑን ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳና በምድጃ ዳር ትተውልናል።

በክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌቱን አልፎ ወደ ቅድስት የዘለቀ ምእመን ከፊቱ የሚያገኘው የመቅደሱን ግድግዳ ነው፤ በዚያም ሊቃነ መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው ደጁን ሲጠብቁ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ፈርዖንም ከነፈረሱና ከነሠራዊቱ በባሕር ሲሰጥም ተሥሎ ማየት የተለመደ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን ግን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይን የመሣል ልማድ ስለ ነበረው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ የማንን ወገን መያዝ እንዳለበት ሳይነገረው ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ብቻውን አይተርክም፤ የልጁን እጅ ይዛ የቆመችው አያት «ይህ ማነው? ያስ ወዴት ይሸሻል?» እያለች ስትጠይቀውና ስትመልስለት ነው ግድግዳው በልጁ ልብ ውስጥ መንቀሳቀስ የሚጀምረው።

ይኸው ሥርዓት በቤትም ነበረ። በጉ ከሜዳ ገብቶ፣ እሳቱ ተቆስቁሶ፣ እናት እንዝርቷን ይዛ ስትፈትል፣ አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። በዚህ ጥሪና መልስ ውስጥ ታላቅ ጥበብ አለ፤ ሰሚው ካልፈቀደ ተራኪው አይናገርም፤ ተራኪውም የሰሚውን ፊት እያየ፣ ታናሹ ልጅ በፈራ ጊዜ የጅቡን ድምፅ ያለዝባል፣ ታላቁ በሰለቸ ጊዜም የቀበሮዋን ተንኮል ያረዝማል።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው። ብዙዎች ይህን ስያሜ የድንቁርና ምልክት ያደርጉታል፤ ለእኔ ግን ሥዕል ሁሉ ከአጠገቡ ተራኪ እንዲኖረው የለመደ ሕዝብ፣ ተራኪ ሳይቆምለት በራሱ የሚሮጠውን ሥዕል ባየ ጊዜ የተሰማው ድንጋጤ ሆኖ ይታየኛል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ይህን ድንጋጤ ወደ ፍቅር የለወጠው ተስፋዬ ሣህሉ ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመተ፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመንም በመድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆኖ የተጫወተ ይህ ሰው፣ አባባ ተስፋዬ ተብሎ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ሲተርት፣ በአዲሱ መሣሪያ ውስጥ ያስገባው አሮጌውን ምድጃ ነበረ፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይጠይቃል፣ ልጆቹም ከመስተዋቱ ወዲህ ሆነው ይመልሱለታል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙ ሰው እንደ ቤቱ አያት ያለቀሰለት ስለዚህ ነው።

ከውጭ ከመጡት የቤተሰብ አኒሜሽኖች መካከል ለእኛ ሚዛን ከሁሉ የሚቀርበው፣ ድሪምወርክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው «የግብፅ ልዑል» ነው፤ ታሪኩ ከኦሪት ዘፀአት የተወሰደ ነውና። በብሬንዳ ቻፕማን፣ በስቲቭ ሂክነርና በሳይመን ዌልስ አዘጋጅነት የተሠራው ይህ ፊልም ብርታቱ ብዙ ነው። ሙሴ በሕልሙ የቤተ መንግሥቱ የግድግዳ ሥዕሎች ነፍስ ዘርተው የዕብራውያንን ሕፃናት እልቂት ሲያሳዩት የምናይበት ክፍል፣ በቅድስት የቆመው ልጅ በልቡ የሚያደርገውን ነገር በዓይን የሚታይ አድርጎታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈርዖንን በሁለት ዓይን ሥሎታል፤ ከሙሴ ጋር እንደ ወንድም ያደገ፣ በትዕቢቱ የጠፋ፣ የሞተ ልጁን ታቅፎ የሚያዝን አባት አድርጎታል፤ ሙሴም ነፃነቱን ከእጁ ተቀብሎ ሲወጣ ደስ በመሰኘት ፈንታ ያለቅሳል። ጠላትም አባት መሆኑን ለሕፃን ማስተማር ግድግዳችን ያላደረገው ነገር ነው፤ ይህንንም ሳልሸሽግ እመሰክራለሁ።

ድካሙም ቀላል አይደለም። በኦሪት ሕፃኑን ሙሴን ከወንዝ ያወጣችው የፈርዖን ልጅ ስትሆን በፊልሙ የፈርዖን ሚስት ሆናለች፤ ለሙሴ አፍ እንዲሆነው የተሰጠው ካህኑ አሮንም ፈሪና ተጠራጣሪ ሆኖ ተዋርዷል። ግድግዳችን በባሕር ያሰጠመውን ፈርዖን ፊልሙ በሕይወት ወደ ዳር አውጥቶ የወንድሙን ስም ሲጣራ ይተወዋል፤ ይህ ለርኅራኄ የሚስማማውን ያህል የፍርድን ክብደት ያቃልላል። ዳሩ ግን የሁሉ ሥር የሆነው ድካም፣ ነገሩ ሁሉ ባንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ውስጥ ያለ ዕረፍት መፍሰሱ ነው፤ ልጁ ቢፈራ አይለዝብም፣ ቢጠይቅ አይመልስም፤ በእንግሊዝኛ መነገሩ ደግሞ የደጋውን አያት ዝም አሰኝቶ በገዛ ምድጃዋ ዳር እንግዳ ያደርጋታል።

ይህን ጉድለት የተረዱ የአገራችን ሠራተኞች አሉ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ በአሻንጉሊት ጥበብ ጀምሮ ፀሐይ የምትባለውን ቀጭኔ በአማርኛ አናገራት፤ ቀጭኔዋም ልጆችን የምትጠይቅና የምታዳምጥ ሆነች። በ2001 ዓ.ም. በጃፓን ሽልማት ያገኘው ይህ ሥራ ከሆሊውድ ጋር በገንዘብም በጥበብም የሚወዳደር አይደለም፤ «የላም በረት» የሚልበትን ቦታ ለልጁ በመተዉ ግን ይበልጠዋል።

እንግዲህ በቀየት ያለ ወላጅ ፊልሙን ከቤቱ ያባርር አልልም፤ ከአጠገቡ ይቀመጥ፣ ሲያስፈልግም ያስቁመው እላለሁ። ልጁ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አስታውሶ «ፈርዖን ለምን ሁለት ዓይን አበቀለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያቺ ጥያቄ ሠዓሊውም ፊልም ሠሪውም ብቻቸውን ሊመልሷት የማይችሏት ናትና፣ አያት ባናዋን አስተካክላ፣ እሳቱን ቆስቁሳ፣ ተረቱን ከመጀመሪያው ትጀምርለት።